ጢስ የሚስማማው እርሾ

ለተዝካር ጠላ የምትጠምቅ የጋይንት ባለሙያ ቀኗን ወደ ኋላ ነው የምትቆጥረው። አርባው አይገፋም። ካህናቱ ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሰነበተው ተማሪም አይቀርም። ጠላው ያን ቀን ጠርቶ መቅረብ አለበት፤ «ገና ጉሽ ነው» ተብሎ እንግዳ አይሸኝም። ይህን ሁሉ የምትጥለው ግን ገዝታ በማታውቀው እርሾ ላይ ነው። «እርሾ» ቢሏት የሊጡ ቡሃቃ እንጂ ጋኑ ትዝ አይላትም።

እርሾው ግን አለ። ሳካሮማይሲስ ሰረቪዚዬ ይባላል፤ ዳቦ የሚነፋውም ቢራ የሚያፈላውም የዚሁ ዝርያ ዘመድ ነው። ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉና ከሸክላው ቀዳዳ ይመጣል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ጥንስስ የምንለው ይሆናል፤ የመጀመሪያው ምርጫ የሚካሄድበት ቦታም እርሱ ነው። ግብዣው ለሁሉም ነው፦ ለእርሾው፣ ኮምጣጣ ለሚያደርጉት ባክቴሪያዎች፣ ለሻጋታውም። እንግዶቹን የሚለዩት የጋኑ ጢስ፣ የጌሾው ምሬትና የአፉ ክዳን ናቸው። ምሬቱን የሚሰጠውን ጌሾይዲን የተባለ ንጥረ ነገር ኢትዮጵያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አስተዋውቀውታል። ክዳኑ ደግሞ አየር ይከለክላል፤ ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይረው ባክቴሪያ ያለ አየር አይሠራምና።

ጢሱን አንድ ጊዜ በቅርብ አይቻለሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ከታጠበ በኋላ በሚጨስ ወይራና ጥንጁት ላይ ተደፋ። ባለቤቲቱ መዳፋቸውን በጋኑ ሆድ ላይ አሳረፉ፣ ቀና አድርገው አፉን አሸተቱና መልሰው ደፉት። «አልበቃውም እናቴ?» አልኩ። «ገና ነው ልጄ፣ ውሃ ውሃ ይላል» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሱት ውስጡ ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ውሃና ጌሾ የገባበት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ እርሾና ጢስ ይገናኛሉ። የጢስን ጠረን ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ጓያኮል ይባላል። አንዳንድ እርሾዎች ደግሞ ከእህሉ ገለባ ከሚገኝ አሲድ የጓያኮልን የቅርብ ዘመድ ይሠራሉ፤ ጠረኑ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የጀርመን የስንዴ ቢራ እርሾ በዚህ ይታወቃል። ለራሱ ቢራ ግሩም ነው። ወይራ በጠገበ ጋን ውስጥ ቢገባ ግን ጢሱና ቅርንፉዱ ይጣላሉ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጢስ ያለበት መጠጥ ሥራውን ጨርሶ ዝም የሚል እርሾ ይፈልጋል።

የጀርመኗ ባምበርግ ሰዎች ጢሱን ጋኑ ላይ ሳይሆን ብቅሉ ላይ ነው የሚያኖሩት፤ ብቅሉን በእንጨት ጢስ ያደርቁና በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ በሚሠራ፣ ጠረን በማያበዛ እርሾ ያፈሉታል። በስዊድን የጎትላንድ ደሴት ገበሬዎች ደግሞ ጢስ የጠጣ ብቅላቸውን ዛሬ በአብዛኛው በዳቦ እርሾ ያፈላሉ። የዳቦ እርሾ ነውር አይደለም ማለት ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ በተከራየሁት ቤት ሞክሬው ተዋርጃለሁ። በጀሪካን ጠንስሼ አንድ ሙሉ ፓኬት ጨመርኩበት፤ በማግስቱ አረፋው ወለሉ ላይ ነበር። የተረፈው ጠላ ሊጥ ሊጥ ይል ነበር፤ ወይራ የሚባል ጠረን ደግሞ ጨርሶ የለውም። ጥፋቱ የእርሾው ብቻ አልነበረም። ፕላስቲክ ጢስ አይጠጣም። ከተማ ያላችሁ ቢያንስ ጥንስሱን በታጠነ ትንሽ እንስራ ጀምሩት።

እርሾውን ደግሞ ጠላዋ ከሚጣፍጣችሁ ሰው ለምኑ። የምትወስዱት የከረመ አተላ አይሁን፤ ገና እየፈላ ያለ ጉሽ ይሁን። ለሃያ ሊትር አንድ ጣሳ በቂ ነው። በዚያ ጣሳ ውስጥ ያለው እርሾ ጌሾን ለምዷል፣ ጢስን ለምዷል፤ የፓኬቱ እርሾ ይህን አላየም።

ብዙ ሰው እርሾው ደካማ ነው የሚለው ራሱ ገድሎት ነው። እንኩሮ ከምጣድ ወጥቶ ሳይበርድ ጥንስሱ ውስጥ ከተጨመረ እርሾውን ቀቅሎ ይገድለዋል። እጃችሁን ከትታችሁ ካላቃጠላችሁ፣ ለብ ብቻ ካላችሁ፣ ጨምሩ። ብርዱም ሌላ ነገር ነው። በጉና ግርጌ ሌሊቱ ሲከፋ እርሾው ያንቀላፋል፤ ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ወይም በጭድ መክበብ እንጂ እርሾ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። የስማዳ ቆላ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ጠላ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይሆመጥጣል፣ ጥላ ይፈልጉለታል።

ሕያው መሆኑን መለየት ከፈለጋችሁ ጆሮ ስጡት፤ ጥሩ ጥንስስ ይንሾካሾካል። ወይም ክብሪት ለኩሳችሁ ወደ ጋኑ አፍ ዝቅ አድርጉ። ድርግም ካለ እርሾው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋኑን ሞልቶታል። በዚያው ምክንያት አንገታችሁን ወደ ትልቅ ጋን አታስገቡ።

ጉሹን ስትጓዙበት ክዳኑን ላላ አድርጉት። እኔ ከነፋስ መውጫ የተሰጠኝን በፕላስቲክ ጠርሙስ አጥብቄ ዘግቼ ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ ነበር። ደብረ ታቦር ሳንደርስ ጧ አለ። ሹፌሩ ጎማ ፈነዳ ብሎ መኪናውን አቆመ፤ ተሳፋሪው ዞሮ ሲያየኝ ጋቢው እየተንጠባጠበ ነው። ከጠርሙሱ ሥር የቀረችው ሁለት ጣት የማትሞላ ጉሽ ግን አዲስ አበባ ደርሳ ሃያ ሊትር አፍልታለች።