የእንግሊዝኛ የቤት ሥራን ለፈተና መጠቀም፦ ደረጃ በደረጃ

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የሚታይ አይደለም። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪውም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪውም ይፈተነዋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው እንግሊዝኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የሒሳቡን ጥያቄ አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ያልገባው ልጅ ሒሳቡን ቢችልም ይስታል።

ብዙ ተማሪ ግን የቤት ሥራውን ከጓደኛው ገልብጦ ወይም መልሱን ከቴሌግራም አውርዶ ያስረክባል፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ፊደል ይሸመድዳል። የቤት ሥራውና ፈተናው የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ምንባብ፣ ሰዋስዉና የምልልስ መልመጃው ግን በፈተናው የሚመጡት የጥያቄ ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ የቤት ሥራውን በሚከተለው መንገድ ሥሩ።

ደረጃ 1፦ ምንባቡን ያለ መዝገበ ቃላት አንብቡ

ፈተና ክፍል ውስጥ መዝገበ ቃላትም ስልክም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ምንባቡን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ የማታውቋቸውን ቃላት አስምሩባቸው፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር አይታችሁ ግምታችሁን ከቃሉ አጠገብ በእርሳስ ጻፉ። መዝገበ ቃላቱ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ግምታችሁ ስህተት ቢሆን እንኳ እንዲህ የተገኘ ቃል በቀላሉ አይረሳም።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ መልስ የመስመር ቁጥር ጻፉ

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የምንባብ ጥያቄ ስትመልሱ መልሱ የተገኘበትን መስመር ቁጥር ከጎኑ አስፍሩ። መስመሩን ካጣችሁት መልሱ ከራሳችሁ እውቀት የመጣ ነው ማለት ነው፤ ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ ምንባቡ የሚያወራው ስለ ቡና አፈላል ሥርዓት ብቻ ሆኖ፣ ከምርጫዎቹ አንዱ ቡና ለኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስገኝ ይናገር ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ምንባቡ ግን አላለውም፤ ስለዚህ መልስ አይሆንም። ማጠቃለያ ሐሳብ እንድታወጡ ስትጠየቁም መነሻ የሚሆኗችሁን መስመሮች መጠቆም መቻል አለባችሁ። «ኢት» ወይም «ዜይ» ምንን ይተካል ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በቦታው እየከተታችሁ ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡት።

ደረጃ 3፦ ሦስቱ ምርጫዎች ለምን ስህተት እንደሆኑ አስረዱ

በግራመር ጥያቄ ትክክለኛውን መክበብ ግማሽ ሥራ ነው። የቀሩት ሦስቱ የወደቁበትን ምክንያት በአማርኛ ለራሳችሁ ተናገሩ። «ኦልዞው» እና «ዲስፓይት» ሁለቱም ተቃርኖ ያሳያሉ፤ በትርጉም ብቻ የሚያውቃቸው ተማሪ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀርቡለት ግራ ይጋባል። ልዩነታቸው በሚከተላቸው ላይ ነው፦ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ» ስንል ባለቤትና ግስ ይከተላሉ፣ «ዲስፓይት ዘ ሬይን» ስንል ግን ስም ብቻ። «ሲንስ» የመነሻ ጊዜ ይፈልጋል፣ «ፎር» የጊዜ ርዝመት። «የስተርደይ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሃቭ» ካለበት የግስ ቅርጽ ይልቅ ቀላሉን ኃላፊ ጊዜ ፈልጉ። ምክንያቱን ማስረዳት ካቃታችሁ፣ መልሱን ብታገኙትም እንደሳታችሁት ቁጠሩት።

ደረጃ 4፦ የስህተት ደብተር ያዙ

አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ጥያቄው፣ እኔ የመረጥኩት፣ ትክክለኛው ከነምክንያቱ። የቤት ሥራው፣ የክፍል ሥራው፣ ሚዱም ፋይናሉም ተመልሶ ሲመጣ የሳታችሁትን ሁሉ እዚህ አስገቡ። በሳምንት አንድ ቀን ሦስተኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍናችሁ ጥያቄዎቹን እንደገና ሥሩ። ከሴሚስተሩ መጨረሻ በፊት ነጥብ የምታጡበት ቦታ የት እንደሆነ ይታያችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ርዕሶች እየተመላለሱ ነው የሚጥሉን።

ደረጃ 5፦ ምልልሱን በድምፅ፣ አንቀጹን በመቀስ

የምልልስ መልመጃውን ከጓደኛ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። «ውድ ዩ ማይንድ» ብሎ ለሚጀምር ትሕትና ላለው ጥያቄ እሺታችሁን የምትገልጹት «ኖት አት ኦል» ብላችሁ ነው፤ ለመተባበር ፈልጎ «የስ» የሚለውን የሚመርጥ ተማሪ ብዙ ነው። ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ደግሞ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ገልብጡ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ቆራርጣችሁ ደባልቁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ገጣጥሙ። «ዚስ»፣ «ሂ» ወይም «ሃውኤቨር» ያለበት ዓረፍተ ነገር ከእሱ በፊት ሌላ ነገር ተነግሮ እንደነበር ያመለክታል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መክፈቻ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ የድሮ ፈተናዎችን በሰዓት ሥሩ

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች እንደ መለኪያ እንጂ እንደ መማሪያ አያገለግሉም። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት አቆዩአቸው። ስልኩን አርቃችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ያህል መድባችሁ ጀምሩ። ምንባብ ጊዜ ስለሚበላ ከግራመሩና ከምልልሱ ላይ ደቂቃ ማትረፍ ተለማመዱ። መልሳችሁን አርማችሁ ስትጨርሱ የሳታችሁት ወደ ስህተት ደብተሩ ይግባ።

መምህራንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ክፍሉ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ፣ የቤት ሥራውን ፈርማችሁ ብቻ አትመልሱ፤ ብዙዎች የሳቱትን አንድ ጥያቄ መርጣችሁ በሰሌዳው ላይ ከነምክንያቱ ሥሩላቸው። ተማሪዎች ደግሞ የመጪውን ብሔራዊ ፈተና ማስታወቂያ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ የምትሠሩት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ካለ፣ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን የመስመር ቁጥሩን በመጻፍ ጀምሩ።