ለሦስት ሺህ አንባቢ የተጻፈ ልቦለድ



በጀመዓችን ውስጥ ልቦለድ የሚጽፉ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ከእኛ ከአዘጋጆቹም መካከል አሉ። ደብተሩ ግን ከፍራሽ ሥር ነው። ለምን ለሰው አታሳዩም ስንባል መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛው «አሁን ጊዜ የለኝም፤ ስመረቅ በደንብ እጽፈዋለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማን ያሳትምልኛል?» የሚል ነው። በዚህ እትም እነዚህን ሁለት መልሶች ይዘን የአንድ ደራሲን የአጻጻፍ ልማድ እንመለከታለን።

ደራሲው አሜሪካዊው አንዲ ዊር ነው። ስሙን ባትሰሙት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ዘ ማርሽያን» የተባለ ፊልም ብዙዎቻችሁ በዶርም ላፕቶፕ ላይ አይታችሁታል፤ ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ጠፈርተኛ ድንች አብቅሎ ነፍሱን ለማቆየት የሚታገልበት ታሪክ ነው። ፊልሙ የተሠራው ከዊር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ደግሞ በመጀመሪያ ዊር በገዛ ድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ በነፃ የሚያወጣው ጽሑፍ ነበር።

ዊር በሙያው ፕሮግራመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሥራ ሲቀነስ ለጥቂት ዓመታት የሚያኖረው ገንዘብ እጁ ላይ ስለነበረ ሌላ ሥራ ሳይፈልግ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሁላችንም የምንመኘው ይህን አይደል? ፈተና የለ፣ አሳይመንት የለ፣ ቀኑ ሙሉ የራስ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ጻፈ፤ አንድ ልቦለድም ጨረሰ። ነገር ግን ሥራውን ይዞ ከአሳታሚ ጋር የሚደራደርለት ወኪልም ሆነ የሚያሳትምለት ድርጅት አላገኘም። ወደ ፕሮግራመርነቱ ተመለሰ።

መጻፉን ግን አልተወም። የተወው ለመታተም መሯሯጡን ነው። ደሞዝ ስለነበረው ብዕሩ እንጀራ እንዲያመጣለት አልጠበቀም። የካርቱን ሥዕላዊ ታሪኮችንና አጫጭር ልቦለዶችን እያዘጋጀ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በዓመታት ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ቋሚ አንባቢ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ2009 የማርሱን ታሪክ ሲጀምር የጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ፣ የሙሉ ሰዓት ሥራውን እንደያዘ። ይህም ሦስት ዓመት ገደማ ወሰደ። ሙሉ ቀን ያለሥራ ተቀምጦ ከጻፈው ይልቅ ከሥራ በኋላ የጻፈው ፍሬ ሰጠ። (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እጁን ማፍታቻ ሳይሆኑለት አልቀሩም፤ ይህንንም ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም።)

ምን አነሳሳው? ሰውን ወደ ማርስ ልኮ ለመመለስ ጉዞው እንዴት ቢታቀድ እንደሚሻል ለራሱ ደስታ ያስብ ነበር። «ይህ ቢበላሽስ? ያ ቢሰበርስ?» እያለ ሲያስብ ብልሽቶቹ ራሳቸው ታሪክ እንደሚወጣቸው ታየው። ስለዚህ ጠፈርተኛውን እዚያ ትቶት ችግሮቹን አንድ በአንድ ደረደረበት። ስንት ድንች ስንት ካሎሪ ይሰጣል? ለእርሻው የሚሆን ውኃ ከየት ይመጣል? የመንኮራኩሯን መንገድ ለማስላት የራሱን ፕሮግራም እስከ መጻፍ ደረሰ። አብዛኛው አንባቢ ስሌቱን እንደማይመረምር ያውቃል፤ እሱ ግን ማወቅ ፈልጎ ነበር። ከመካከላችን የኢንጂነሪንግ፣ የፋርማሲ ወይም የእርሻ ተማሪ የሆነ ጸሐፊ «ትምህርቴ ከድርሰት አራቀኝ» ሲል እንሰማለን። የዊር ልቦለድ የተነሳው ከዚያው ከስሌቱ ነው።

ከልማዶቹ ሁሉ የበለጠ ያስተማረን ግን እርማትን የሚቀበልበት መንገድ ነው። አንድ ምዕራፍ ሲያወጣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚያውቁ አንባቢዎች «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ብለው ይጽፉለታል፤ እሱም ያርማል። እያወቀ የተወው ስሕተትም አለ። ታሪኩ የሚጀምርበት ኃይለኛ ማዕበል በእውነተኛው ማርስ ላይ ያን ያህል ጉዳት ሊያደርስ አይችልም፤ የማርስ አየር ግፊት ከምድራችን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላምና። ዊር ይህን ያውቅ ነበር፤ ለታሪኩ ሲል ተወው።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። አንባቢዎቹ በኪንድል እንዲያወጣው ለመኑት፤ አማዞን በሚፈቅደው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም አወጣው። በሦስት ወር ውስጥ 35 ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጽሐፉም የፊልሙም ውል በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈጸመ። ይህን ስናነብ «ጽፎ መለጠፍ ነው፤ ሀብት ይመጣል» ብለን እንዳንወስደው። እንዲሁ ለጥፈው ማንም ያላያቸው ብዙዎች ናቸው። በዊር እጅ የነበረው ምዕራፉ፣ አንባቢዎቹና እርማቱ ነበሩ። አማዞን ባይኖር እንኳ ያለቀ ልቦለድና ሦስት ሺህ አንባቢ ይቀሩት ነበር። በደርሶቻችን ላይ ስለ ኒያ ስንማር የምንጠይቀው ጥያቄ፣ ማለትም ማንም ባያየኝ ይህን እሠራው ነበር ወይ የሚለው፣ ለደራሲም ይሠራል።

በአገራችንም ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ክፍያ ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉንም ራሱ ተሸክሞ ወደ መደብሮች ያዞራል። ለወረቀት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በሐቀኝነት የሚያነብለት ሰው ካገኘ ብዙ ኪሳራ ይድናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ስምንት ገጽ ታሪክ ለዚህ መጽሔት ሰጠችን። «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው» አልናት። በደንብ አላነበብነውም ነበር። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ነርስ ናት፤ ለሕፃኑ የሰጠችው መድኃኒት መጠን የተሳሳተ ነበር። የሕክምና ተማሪ የሆነ ወንድም ከጎናችን እያለ አላሳየነውም። ታሪኩ ሳይወጣ ሁለት ወር ቆየ፤ እህታችንም መጥታ ወረቀቷን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ጽፋ እንደሁ እንኳ አልጠየቅናትም።

ከዚህ ሰሚስተር ጀምሮ ኢንሻአላህ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ጽሑፍ እንቀበላለን። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። በቀጣዩ ሐሙስ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ያነበበው፣ በእርሳስ የታረመ ቅጂ ይመለስላችኋል። ለእህታችንም ነግረናታል፤ ታመጣ እንደሁ ገና አልመለሰችልንም።