ልጅ ያሳደገች እናት ጡረታዋ ምን ይሆናል?

ጡረታ ማለት ሰው ጉልበት ሳለው ከሚያገኘው ላይ እያዋጣ፥ ሲደክም የሚጦርበት ገንዘብ ነው። ይህ ትርጓሜ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ልጅ ለማሳደግ ሥራዋን ትታ ቤት የዋለች እናት ደመወዝ ስለሌላት መዋጮ አትከፍልም። ታዲያ በእርጅናዋ ማን ይጦራታል? እኔም የብሪታንያን ሕግ ምሳሌ አድርጌ ይህን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በብሪታንያ የናሽናል ኢንሹራንስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ወጥቶ በ1948 በሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዘመን ባለትዳር ሴት በባልዋ መዋጮ ትጦራለች ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር፥ ሠራተኛ ብትሆንም እንኳ አነስተኛ መዋጮ ብቻ እንድትከፍል ይፈቀድላት ነበር። ይህን የመረጠች ሴት ግን በዚያ መዋጮ በራስዋ ስም የጡረታ መብት አታገኝም። ምርጫው ለአዲስ ጠያቂዎች የተዘጋው በ1977 ነው።

በ1978 «የቤት ኃላፊነት ጥበቃ» የተባለ ደንብ መጣ። ይኸውም በልጅ ማሳደግ ያለፉት ዓመታት፥ ለሙሉ ጡረታ ከሚፈለጉት ዓመታት ላይ እንዲቀነሱ የሚያደርግ ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እያሳደገች የልጅ አበል የጠየቀች እናት፥ መዋጮ እንደ ከፈለች ሆኖ ይቈጠርላታል። አባትም ቤት ሆኖ ልጁን ቢያሳድግ መብቱ ያው ነው።

ጥቅሙን በሒሳብ እንመልከት። ከ2016 በኋላ መዋጮ የጀመረ ሰው ሙሉ ጡረታ ለማግኘት 35 ዓመት፥ ጥቂትም ቢሆን ለማግኘት 10 ዓመት ያስፈልገዋል። አንዲት ሴት 18 ዓመት ሠርታ 12 ዓመት ልጅ ብታሳድግ፥ በሥራዋ ብቻ የምታገኘው 18/35 ነው። የልጁ ዘመን ሲታከልላት ግን 30/35 ይሆናል።

ሆኖም መብት ካልተመዘገበ ይጠፋል። ከግንቦት 2000 በፊት የልጅ አበል ሲጠየቅ የኢንሹራንስ ቍጥር ያልተጻፈባቸው ቅጾች ስለ ነበሩ፥ የብዙ እናቶች ዓመታት ሳይቈጠሩ ቀርተዋል። ከ2013 ወዲህም ገቢያቸው ከፍ ያለ ቤተሰቦች አበሉ በግብር ስለሚመለስ ሳይጠይቁ ይቀራሉ፤ ገንዘቡን ሳይቀበሉ ቅጹን ብቻ መሙላት ግን ዓመቱን ያስቈጥራል። ቅጹ ሥራ ባለው ባል ስም ከተሞላም ዓመቱ ለእናቲቱ እንዲዛወር መጠየቅ ይቻላል።

አንዳንድ ሰው «ያላዋጣ ለምን ይጦራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር የዛሬ ጡረተኛ የሚጦረው ዛሬ የሚሠሩት በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ልጅ ያሳደገች እናት የነገውን አዋጪ አሳድጋለችና ያለ መዋጮ አልኖረችም።

እንግዲህ በለንደን ወይም በሌላ የብሪታንያ ከተማ ልጆች ያሳደገች አክስት ወይም እኅት ያለችው አንባቢ ሁሉ፥ «የጡረታ መዝገብሽን አይተሻልን?» ብሎ ይጠይቃት።