አዋጅና ወንድማማችነት

አንባቢ ሆይ፥ ሁለት ሰዎችን አስተያይ። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሽጦ፥ በ1862 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ። በ1923 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የነፃነቱን አዋጅ አላየም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1916 ዓ.ም. ያወጡት ሕግ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ነበር፤ ጌቶችም ዘገዩ። በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጦርነት ሲመለሱ በእኛው በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ፤ የዓለም ጦርነት ሳይበርድም ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽመው ሻሩ።

አዋጅ ጌታውን «ልቀቅ» ይለዋል፤ «ወንድሜ በለው» ያለው ግን ስለዚያ ስለ ጥንቱ አናሲሞስ ለፊልሞና የጻፈው ጳውሎስ ነው። በገጠራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዛሬም የአያት ዘር ተጠይቆ፥ «የባሪያ ልጅ» ተብለው የሚቀሩ አሉ። ከጠያቂዎቹም መልእክቱን በቃሉ የሚያውቅ አይታጣም።