ጭምብልን ከጭፈራው ለይቶ ማጥናት ይቻላል? የዮሩባ ጌሌዴ እንደ ማሳያ

ባለፈው ሴሚስተር በአፍሪካ ጥበብ ኮርስ የአንድ ዮሩባ ጭምብል ፎቶግራፍ ተሰጥቶን እንድንተነትነው ታዘዝን። እኔም ቅርጹንና ቀለሙን ዘርዝሬ «የለባሹን ማንነት የሚደብቅ የፊት መሸፈኛ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን ከጎኑ «ይህን አድርጎ የሚጨፍረው ሰው ፊቱ የት ነው?» ብለው ጽፈውበታል። ነጥቡም ያው እንደምትገምቱት ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

እንደሚታወቀው ዮሩባዎች በብዛት የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ሲሆን በቤኒንና በቶጎም ይገኛሉ። ፎቶግራፉ ላይ የነበረው ጭምብል የጌሌዴ ሥርዓት ነው። የጌሌዴ አመጣጥ ብዙ ጊዜ ዛሬ ቤኒን ውስጥ ካለችው ከኬቱ ጋር ይያያዛል። ሥርዓቱ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ እንዲሁም ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ይከናወናል። ዓላማውም «እናቶቻችን» የሚሏቸውን ሴቶች ማክበርና ማስደሰት ነው። በእምነታቸው አረጋውያን ሴቶች ሕይወትን የመስጠትም የመንሳትም ኃይል አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ታላቋ እናት ኢያ ንላ አለች። የሚገርመው ግን ጭምብሉን አድርገው፣ የሴት ልብስ ሳይቀር ለብሰው የሚጨፍሩት ወንዶች መሆናቸው ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የጌሌዴ ጭምብል ፊት ላይ አይደረግም፤ እንደ ቆብ አናት ላይ ይደፋል። የጨፋሪውን ፊት የሚሸፍነው ከጭምብሉ ሥር የሚወርድ ጨርቅ ነው፤ የሚያየውም በዚያው ጨርቅ ውስጥ አሻግሮ ነው። እኔን ያሳሳተኝ «ጭምብል» የሚለው የራሳችን ቃል ነው፤ ቃሉን ስሰማ መደበቅን ብቻ አሰብኩ። እንጨቱ ግን የተቀረጸው ለመታየት ነው። ከታች ጸጥ ያለ ፊት አለ፤ ከላዩ ደግሞ ወፍ፣ እባብ፣ ዕቃ የተሸከመች ነጋዴ፣ አንዳንዴም ሞተር ብስክሌት ይቀረጽበታል። እኔ እንደሚገባኝ የታችኛው ፊት ራስን መግዛትን፣ የላይኛው የዓለምን ሁካታ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው ጭፈራው ሲጀመር ነው። በዋዜማው ሌሊት ኤፌ የሚባለው ጭምብለኛ በዘፈን ይመርቃል፣ ጥፋተኛውንም ይሸነቁጣል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጭምብለኞቹ፣ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ገበያ መሀል ይጨፍራሉ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በዮሩባ ዘንድ ገበያው በአብዛኛው የሴቶች ነው። ጨፋሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚንሿሿ ብረት ያስራል። እግሩ ከከበሮው ምት ጋር መግጠም አለበት፤ ከሳተ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማበታል። ማምለጫ የለም!

ነገሩ የጌሌዴ ብቻ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ዮሩባ፣ በኤኪቲ፣ ኤፓ የሚባለው ጭምብል ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ወጣቱ ያንን ተሸክሞ ጉብታ ላይ ይዘላል። የጭምብሉ ክብደት የወጣቱ ጉልበት መፈተኛ መሆኑን ከፎቶግራፍ ማን ያውቃል?

ለማጠቃለል ያህል፣ ዩኔስኮ ጌሌዴን በ2001 እ.ኤ.አ. ከሰው ልጅ ድንቅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል አንዱ ብሎ ሲያውጅ፣ በ2008ም በወካይ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው፣ ዕውቅናውን የሰጠው ለእንጨቱ ሳይሆን ለመላው ሥርዓት ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለው ጭምብል የሥርዓቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ቀጣዩ ፎቶግራፍ ሲሰጣችሁ ከቅርጹ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ይደረጋል? በምን ምት ይጨፈርበታል? ለማን ክብር? የእኔ ነጥብ እንደሆነ አልተስተካከለም፤ የእናንተ ግን ይተርፋል።