ጡረታዎን ታይላንድ ለማሳለፍ አስበዋል? ስለ ገቢ ማረጋገጫው ማወቅ ያለብዎ

የታይላንድ የጡረታ ቪዛ መስፈርት በወረቀት ሲነበብ ቀላል ነው። ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ፤ ከዚያም ከሦስቱ አንዱ። በወር 65,000 ባት ገቢ፣ ወይም በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት ተቀማጭ፣ ወይም የዓመት ገቢና ተቀማጭ ተደምረው 800,000 ባት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ይህን ሲያይ «እኔማ ይበቃኛል» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ሰው የሚቸገረው ያለውን ገንዘብ ኢሚግሬሽኑ በሚፈልገው መንገድ፣ በሚፈልገው ቀንና በሚፈልገው ስም ማሳየት ሲያቅተው ነው። ማሳየቱ ደግሞ በየዓመቱ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚታደስ በመሆኑ የ60 ዓመት ጡረተኛ 80 ዓመቱ ድረስ ሃያ ጊዜ ያንኑ ፈተና ይቀመጣል። ቤትዎን ሸጠው ዕቃዎን ከመጠቅለልዎ በፊት የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመርምሩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማን ዜጋ ነዎት?

እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ አሜሪካዊ፣ እንግሊዛዊ ወይም አውስትራሊያዊ ጡረተኛ ባንኮክ ወዳለው ኤምባሲው ሄዶ ስለ ገቢው ደብዳቤ ያጽፍ ነበር። የታይላንድ ኢሚግሬሽን ኤምባሲዎቹ የገቢውን እውነተኛነት ራሳቸው አጣርተው እንዲያረጋግጡ ፈለገ። ኤምባሲዎቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ዜጋ ጡረታ ማጣራት አንችልም ብለው ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ደብዳቤውን አቆሙ። የእነዚህ አገሮች ፓስፖርት ካለዎት ገቢዎን የሚመሰክርልዎ የባንክ ደብተርዎ ብቻ ነው፤ በእድሳት ጊዜ የ12 ወር ዝውውር፣ በየወሩ 65,000 ባትና ከዚያ በላይ፣ ከውጭ አገር የገባ። በዓመት ሲደመር 780,000 ይሞላል ብሎ አንድ ወር አጉድሎ በሌላው ማካካስ አይሠራም። የሌላ አገር ዜጋ ከሆኑ ኤምባሲዎ አሁንም ደብዳቤ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ገንዘቡ በየት በኩል ይገባል?

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት። የታይላንድ ባንክ ደብተር ሲገለጥ ከእያንዳንዱ ገቢ ጎን አጭር ኮድ ታትሞ ይታያል። ገንዘቡ በቀጥታ ከውጭ አገር ባንክ ከመጣ ኮዱ የውጭ ሃዋላ መሆኑን ይናገራል። በስልክ መተግበሪያ በሚሠሩ የገንዘብ ማስተላለፊያዎች ከላኩት ግን ድርጅቱ እዚያው ታይላንድ ውስጥ ካለው ሂሳብ ሊከፍልዎ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታተመው የአገር ውስጥ ዝውውር ኮድ ነው። ያው የእርስዎ ጡረታ፣ ያው መጠን፤ ማመልከቻውን ለሚያየው መኮንን ግን ከጎረቤት የተበደሩት ገንዘብ ይመስላል። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ከገባ በኋላ ማወቅ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ሲልኩ ደብተሩን አሳትመው ኮዱን ይዩ፤ ካላማረዎ በሚቀጥለው ወር መንገዱን ይቀይሩ። ባንኩ ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጥ እንደሆነም ይጠይቁ።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ለእድሳት የሚቀርበው የባንክ ደብዳቤና ደብተሩ ትኩስ መሆን አለባቸው። ልምድ ያላቸው ጡረተኞች በማመልከቻው ዕለት ጠዋት ባንክ ሄደው ጥቂት ባት ያስገባሉ ወይም ያወጣሉ፤ የዚያን ቀን መስመር በደብተሩ ላይ አሳትመው፣ ደብዳቤውን ተቀብለው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳሉ።

ምንዛሪው ሲወርድ ይበቃዎታል?

በአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የአንድ ጡረተኛ አማካይ ወርኃዊ ክፍያ በ2025 መጀመሪያ 1,976 ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ዶላር በ36 ባት ሲመነዘር ይህ 71,136 ባት ነው፤ ይበቃል። በ2025 አጋማሽ ግን ዶላሩ ወደ 32.5 ባት ወርዶ ነበር። በዚህ ሂሳብ ያው 1,976 ዶላር 64,220 ባት ብቻ ሆነ። ጡረተኛው አንድ ሳንቲም ሳይቀነስበት ከመስፈርቱ ወለል በታች ወረደ።

የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ፓርት ቢ መዋጮም አለ። በ2025 ወርኃዊው መነሻ 185 ዶላር ነበር፤ ከሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። በእጅ የሚገባው 1,791 ዶላር በ36 ባት እንኳ ቢመነዘር 64,476 ነው። ሜዲኬር ታይላንድ ውስጥ አያሳክምምና መዋጮውን ማቋረጥ ያጓጓል፤ ይሁንና አቋርጠው አንድ ቀን ተመልሰው ቢገቡ ያለ ፓርት ቢ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የ10 በመቶ ቅጣት በመዋጮው ላይ ይጨመርብዎታል። እኔ የልብና የኩላሊት ሕመም ባለበት ዕድሜ ፓርት ቢን አቋርጡ አልልም። ስለዚህ ስሌቱን ከተቆረጠ በኋላ በሚደርስዎ ገንዘብና በዝቅተኛ ምንዛሪ ይሥሩት።

800,000ውን ማሰር ይችላሉ?

የተቀማጩ መንገድ ከምንዛሪ ጭንቀት ያሳርፋል፤ ዋጋው ግን ገንዘቡን ማሰር ነው። ሙሉው 800,000 ከማመልከቻው ሁለት ወር በፊት ገብቶ መቀመጥ፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ሦስት ወር ሳይነካ መቆየት አለበት። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው እድሳት ድረስ ከ400,000 በታች መውረድ አይችልም። እድሳትዎ ጁላይ 1 ነው እንበል። ገንዘቡ ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 1 ሙሉ ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ግማሹን ሊያንቀሳቅሱ ይችላሉ፤ በሜይ መጀመሪያ እንደገና መሙላት አለበት። የቀረው 400,000 በዚያ አገር እስከኖሩ ድረስ አይነካም። በ32.5 ባት ሲመነዘር ጠቅላላው ወደ 24,600 ዶላር ይጠጋል። ይህን ገንዘብ ለሕክምና መጠባበቂያ አድርገው እንዳይቆጥሩት፤ ታመው ያወጡ ዕለት የመኖሪያ ፈቃድዎም አብሮ ይታመማል።

ባንክ ሂሳብ ለመክፈት የሚያበቃ ቪዛ፣ ቪዛውን ለማራዘም ደግሞ የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል። በቱሪስት ማህተም የገባ ሰው ሂሳብ መክፈት ይቸገራል። ብዙዎች መጀመሪያ የ90 ቀኑን ኖን ኢሚግራንት ኦ ቪዛ ይዘው ሂሳቡን ከፍተው ገንዘቡን በዚያ ጊዜ ውስጥ ያስገባሉ። ከአገር ቤት ሆነው የሚያወጡት ኦ ኤ የሚባለው ቪዛ የገቢውን ማስረጃ ካሉበት አገር ባንክ ይቀበላል፤ ነገር ግን የጤና ምርመራና የፖሊስ ማስረጃ እንዲሁም 3 ሚሊዮን ባት የሚሸፍን የጤና መድን ይጠይቃል። በ70 ዓመት ያን መድን የሚሸጥ ኩባንያ ማግኘትና ዓረቦኑን መክፈል ከቪዛው ራሱ ይከብዳል።

«ገንዘቡን እኛ ለጊዜው አስገብተን ፈቃዱን እናስጨርሳለን» የሚሉ ደላሎች ይገጥሙዎታል። አይግቡበት። የራስዎ ባልሆነ ገንዘብ የተገኘ ፈቃድ ሲመረመር የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ደላላው አይደለም።

ስምዎ በሁሉም ወረቀት አንድ ነው?

ይህ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል። በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ፣ አናባቢውም እዚህ አንድ እዚያ ሁለት ሆኖ ዓመታት ያለፈን ብዙዎች ነን። አሜሪካ ውስጥ ያለ ጸሐፊ ያልፈው ይሆናል። የታይላንድ ባንክ ግን የሚያየው ፓስፖርቱን ነው፤ ሃዋላው የመጣበት ስም ካልገጠመ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ፓስፖርት፣ የጡረታ መግለጫና የላኪው ባንክ ሂሳብ ላይ ያለውን ስም ከመነሳትዎ በፊት ያስተካክሉ።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ መስፈርቱን ካሟላችሁ ሌላኛው በጥገኝነት ሊገባ ይችላል። ለዚህ ግን ጋብቻው በወረቀት ይጠየቃል፤ ባህላችን ሚስትን በአባቷ ስም የሚያቆይ ስለሆነ ስማችሁ ምንም አያሳይላችሁም። አዲስ አበባ የወጣ የጋብቻ ማስረጃ ተተርጉሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ መቅረብ ይኖርበታል። ይህን ባንኮክ ሆኖ በስልክ ዘመድ እያስቸገሩ ማስጨረስ አድካሚ ነው።

ተቀማጩ በአንድ ሰው ስም መሆን እንዳለበትም አይርሱ። ባለ ሂሳቡ ከሞተ ባንኩ ሂሳቡን ይዘጋዋል፤ ሚስት ወይም ባል ገንዘቡን የሚያገኙት በፍርድ ቤት በኩል ነው። ታይላንድ ውስጥ የተጻፈ ኑዛዜ ይኑርዎት።

የሚያገኙት ገንዘብ ይከተልዎታል?

ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ከሆነ ታይላንድን ይርሱት። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ክፍያው ይቋረጥበታል። ዜግነት ሳይወስዱ በግሪን ካርድ ላሉም ነገሩ አስጊ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲው ከስድስት ወር በኋላ ሊቆም ይችላል፣ ረጅም መቅረት ደግሞ ካርዱን ራሱን ያሳጣል። ዜጋ ቢሆኑም ሶሻል ሴኩሪቲ ውጭ ለሚኖሩ ጡረተኞች በየጊዜው የሚልከውን መጠይቅ ሳይመልሱ ከቀሩ ክፍያው ይታገዳል፤ የታገደ አንድ ወር በባንክ ደብተርዎ ላይ ባዶ መስመር ይተዋል።

ግብሩን በአጭሩ፦ በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ ታይላንድ የኖረ ሰው ከ2024 ወዲህ ውጭ አገር አግኝቶ ወደዚያ ያስገባው ገቢ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። በአሜሪካና በታይላንድ የግብር ስምምነት የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የሚከፈልበት በአሜሪካ ብቻ ነው። ለሌላ ዓይነት ጡረታ የግብር ባለሙያ ያማክሩ። የአሜሪካ ዜጋ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ በዓመቱ በማናቸውም ቀን ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ 800,000ው ባት ብቻውን ያን ያልፋል።

ለውሳኔዎ ይረዳ እንደሆነ፣ የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው አገሩ ሲኖር የገቢ መጠን አይጠየቅም። ታይላንድን ከመረጡ ግን የኔ ምክር ይህ ነው፦ የሚደርስዎ ጡረታ በ32 ባት ተመንዝሮ 65,000ን በሰፊው ካላለፈ በገቢ መንገድ አይሂዱ። ከ800,000ው ባት ሌላ የሚታመሙበት ገንዘብ ከሌለዎት በተቀማጩም አይሂዱ። ሁለቱም ካልሆነልዎ ቤትዎን አይሽጡ፤ በቱሪስትነት ሁለት ሦስት ወር ቆይተው ይመለሱ።