የዕፅዋት ጭማቂና ከጨረር የሚመጣ የክሮሞዞም ጉዳት
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በአዊ ዞን የምትገኘው የቆሰበር (እንጅባራ) ከተማ ስም የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። የኮሶ አበባ ለብዙ ዘመን የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ከልኩ ሲያልፍ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት ማድረሱን ሐኪሞች መዝግበዋል። ስለሆነም ዕፅ ሁሉ ልክና ጊዜ እንዳለው ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም።

ሽፈራውን፣ ዝንጅብልንና በሶብላን የመሳሰሉ ዕፅዋት ሰውነትን ከጨረር ይከላከላሉ የሚል አባባል ሲነሳ፣ የልማት ሠራተኛው ምን ብሎ መምከር እንደሚገባው ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

2. ጨረር ክሮሞዞምን እንዴት ይጎዳል?

የሰው፣ የእንስሳና የዕፅዋት አካል ከሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋስ ውስጥ የዘር መልእክት የሚሸከሙ ክር መሰል ነገሮች ክሮሞዞም ይባላሉ። ጋማ ጨረርና ራጅ እነዚህን ክሮች በሁለት መንገድ ይጎዳሉ።

ሀ/ ጨረሩ በቀጥታ መትቶ ይበጥሳቸዋል።

ለ/ ጨረሩ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሰንጥቆ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ስብርባሪዎችን ይፈጥራል። እነዚህ የሚቆዩት ከዓይን ቅጽበት እጅግ ላነሰ ጊዜ ቢሆንም፣ ባጠገባቸው ያገኙትን ክሮሞዞም ያበላሻሉ።

ሕዋሱ የተበጠሰውን ለመጠገን ይሞክራል። ጥገናው ሲሳሳት ስብራቱ ይቀራል፤ ሕዋሱ ሲከፈልም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሕዋሳት፣ ለምሳሌ የመቅኔ፣ የአንጀትና የዘር ሕዋሳት፣ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ይህ ጉዳት ሆን ተብሎ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። በጃዊ ቆላ ከብት ያረባ ሁሉ ገንዲን የሚያስተላልፈውን ቆላ ዝንብ ያውቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ ይህን ዝንብ ለመቀነስ በጋማ ጨረር የመከኑ ወንዶች ተለቀዋል፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኘች ሴት ዝንብ ልጅ አታፈራም። የካንሰር የጨረር ሕክምናም የሚሠራው የዕጢውን ክሮሞዞም በመበጣጠስ ነው። ይህን ማስታወስ ከዚህ በታች ላለው ምክር መሠረት ነው።

3. በምርምር የታየው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2001 በሕንድ አገር በታተመ ጥናት፣ ከአገራችን ሽፈራው ጋር በቅርብ የሚዛመደው የሕንድ ሞሪንጋ ቅጠል በአልኮልና በውኃ ተነጥሮ ለአይጦች ተሰጠ። መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 150 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የተሰጠውም በሆድ በመርፌ ነበር። ከ1 ሰዓት በኋላ አይጦቹ 4 ግሬይ ጋማ ጨረር ተቀበሉ። በማግሥቱ መቅኔያቸው ሲመረመር፣ ክሮሞዞማቸው የተጎዳ ሕዋሳት ብዛት ጨረር ብቻ ከተቀበሉት አይጦች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሁለት ሦስተኛ ወርዶ ተገኘ።

የበሶብላና የዳማ ከሴ ዘመድ በሆነው ቱልሲ በተባለ የሕንድ ዕፅ ላይም ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። ምክንያቱ በቅጠሉ ያሉት ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ፍሪ ራዲካሎችን ስለሚይዙ ነው ተብሎ ይገመታል።

4. ይህ ውጤት ለቤት መጠጥ የማይሆንበት ምክንያት

ሀ/ የተሞከረው በአይጥ ላይ፣ በመርፌና በተነጠረ ጭማቂ ነው። በጀበና የፈላ ቅጠል ያንን መጠን ለሰው መቅኔ ያደርሳል ማለት አይቻልም።

ለ/ ጭማቂው የተሰጠው ከጨረሩ በፊት ነው። ፍሪ ራዲካሎቹ ወዲያው ስለሚጠፉ፣ ከጨረር በኋላ የሚጠጣ ነገር አይደርስባቸውም።

ሐ/ 4 ግሬይ ሰውነትን በሙሉ ካገኘ፣ ሕክምና ያላገኘን ሰው ሊገድል የሚችል ብዙ መጠን ነው። የደረት ራጅ ግን ከ0.1 ሚሊ ግሬይ ብዙም አያልፍም፤ በአይጦቹ ላይ የዋለው ከዚህ 40,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የደረት ራጅ የተነሳ ሰው መድኃኒት መጠጣት አያስፈልገውም።

መ/ ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው ዕፅዋትም አሉ። ጤና አዳም በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ዲ ኤን ኤን ይጎዳል። ጭማቂው የነካው ቆዳ በፀሐይ የሚቃጠለውና ውኃ የሚቋጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

5. በጨረር ሕክምና ላይ ስላለ ሕመምተኛ

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከቀበሌው ተነሥቶ፣ ምናልባትም በሬ ሸጦ፣ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለጨረር ሕክምና የሚሄድ ሰው፣ ዘመድ የሰጠውን የዕፅ ጭማቂ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ጤነኛውን ሕዋስ የሚከላከል ነገር ዕጢውንም ሊከላከል ይችላል።

በካናዳ በ540 የራስና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ይህን ሥጋት ያሳያል። ብዙ ቫይታሚን ኢ የተሰጣቸው፣ ከፊሎቹም ቤታ ካሮቲን የተጨመረላቸው ሕመምተኞች ከሕክምናው የሚመጣው ሥቃይ ቀለል አለላቸው፤ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዝንባሌው ግን ከፍ ብሎ ታየ።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አሚፎስቲን የተባለ መከላከያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የምራቅ ዕጢን ከሕክምና ጨረር ለመጠበቅ ተፈቅዷል። በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን፣ የደም ግፊትን ስለሚያወርድና ስለሚያስታውክ በሐኪም ክትትል ብቻ ይወሰዳል።

6. የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ተግባር

• ሽፈራው፣ ዝንጅብልና በሶብላ ለምግብና ለገበያ እንዲመረቱ ማበረታታት፤ ለጨረር መድኃኒትነት ግን አለመምከር።

• ማኅበሩ የደረቀ ቅጠል ወይም ዱቄት አሽጎ ሲሸጥ፣ በመለያው ላይ «ከጨረር ይከላከላል» ወይም «ካንሰር ያድናል» ብሎ አለመጻፍ። ይህን ያመነ ገዢ ሕክምናውን ቢያቋርጥ ጉዳቱ በገንዘብ አይመለስም።

• የጨረር ሕክምና የሚከታተል ሰው የሚጠጣውን ዕፅ ሁሉ፣ በጠበልና በማር የሚወሰደውንም ጨምሮ፣ ሳይደብቅ ለሐኪሙ እንዲናገር መምከር። ቀጠሮውን ለዕፅ ብሎ እንዳያሳልፍም ማስገንዘብ።

• ነፍሰ ጡር ሴት ለራጅ ስትላክ እርጉዝ መሆኗን አስቀድማ ለባለሙያው እንድትናገር ማሳሰብ።

• ከጨረር ለመዳን አስተማማኞቹ ዘዴዎች ሦስት መሆናቸውን ማስተማር፤ እነርሱም በጨረሩ አጠገብ የሚቆዩበትን ጊዜ ማሳጠር፣ መራቅ፣ እንደ እርሳስና ወፍራም ግንብ ባለ ጋሻ መከለል ናቸው።

ማሳሰቢያ፦ የዕፅዋቱ ምርምር ተስፋ የሚሰጥ ስለሆነ መቀጠል ይገባዋል። በሰው ላይ ተፈትኖ ልኩና ጊዜው እስኪታወቅ ድረስ ግን፣ የዕፁ ቦታ ጓሮውና ማዕድ ቤቱ ነው።